የአይጥ አንጀት ስለ ሰው ሆድ ምን ያስተምራል?

መግቢያ

አማርኛ ተናጋሪ ሲርበው «ወስፋቴ ጮኸ» ይላል፤ ኑሮ ሲከብደው ደግሞ «እንደ ኮሶ መረረኝ» ይላል። ወስፋት በሰው አንጀት ውስጥ የሚኖር ትል ነው፤ ኮሶም የሌላ የአንጀት ትል እና የማስወገጃው መድኃኒት የጋራ ስም ነው። ቋንቋችን ራሱ እንደሚመሰክረው የሆድ ትላትል ከሕዝባችን ጋር ለብዙ ዘመን አብረው ኖረዋል።

በደቡብ ጎንደር የእስቴ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በመካነ ኢየሱስ፣ እንዲሁም በአጎራባቾቹ በጋይንትና በስማዳ ገጠሮች ዛሬም ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ ቤት ለሁሉም አልተዳረሰም። በመሆኑም የትሎቹ እንቁላሎች ከሰገራ ወደ አፈር፣ ከአፈር ወደ እጅና ወደ ምግብ የሚያደርጉት ጉዞ አልተቋረጠም። በሀገር አቀፍ ደረጃ በ2015 (በ2008 ዓ.ም.) በተጀመረው የትምህርት ቤት የትላትል መድኃኒት ዕደላ ብዙ ተማሪዎች አልቤንዳዞል ወይም ሜቤንዳዞል የተባለውን ክኒን፣ ቢልሃርዝያ ባለባቸው ቦታዎችም ፕራዚኳንቴልን ወስደዋል። ዓ.ም. የሚል ካልታከለበት በቀር በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክኒኑን የዋጠ ተማሪ ጥቂት ጥያቄዎችን ቢያነሣ ተገቢ ነው። መድኃኒቱ ትሉን ገድሎ ልጁን እንደማይጎዳ በምን ታወቀ? ወስፋትን በአንድ ጊዜ የሚያስወግደው ክኒን ጅራፍ ትልን ብዙውን ጊዜ ሳይነካው የሚያልፈው ለምንድን ነው? አያቶቻችን የጠጡት ኮሶና እንቆቆስ በእርግጥ ይሠራሉን? የነዚህ ጥያቄዎች መልስ በአብዛኛው የተገኘው በእንስሳት ላይ ከተደረጉ ጥናቶች ነው። በዚህ ጽሑፍ ጥናቶቹ እንዴት እንደሚካሄዱ፣ ምን እንዳስገኙና ወሰናቸው የት ላይ እንደሆነ እንመለከታለን።

ጥገኞቹ እነማን ናቸው?

የአንጀት ጥገኞች በሁለት ታላላቅ ወገኖች ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ በዓይን የማይታዩት ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታት ሲሆኑ አሜባ፣ ጃርዲያና ክሪፕቶስፖሪዲየም ከነዚህ ይመደባሉ። ሁለተኛዎቹ ትሎች ናቸው፤ ወስፋት፣ መንጠቆ ትል፣ ጅራፍ ትል፣ ኮሶ፣ ድንክ የኮሶ ትል እና በአንጀት ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች የሚኖረው የቢልሃርዝያ ትል ይገኙባቸዋል።

የነዚህ ጥገኞች ሥርጭት ከመሬቱ ከፍታ ጋር የተያያዘ ነው። የእስቴ ምድር ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ካለው ከጉና ተራራ አካባቢ ተነሥቶ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። የወስፋት እንቁላል በእርጥብና ቀዝቀዝ ባለ የደጋ አፈር ለረጅም ጊዜ ይቆያል። የመንጠቆ ትል እጭ ግን ሞቃትና እርጥብ አፈር ይሻል። የቢልሃርዝያ ትል ያለ ቀንድ አውጣ ሊራባ ስለማይችል፣ በኢትዮጵያ በአብዛኛው የሚተላለፈው ከ1000 እስከ 2200 ሜትር ከፍታ ባላቸው ቦታዎች ነው። ስለዚህ በአንድ ወረዳ ውስጥ የደጋው ልጅና የቆላው ልጅ የተለያዩ ጥገኞችን ሊሸከሙ ይችላሉ።

የእንስሳ ሞዴል ማለት ምን ማለት ነው?

አንድን በሽታ ለማጥናት ሲባል በሰው ምትክ በሽታው እንዲይዘው የሚደረግ እንስሳ «የእንስሳ ሞዴል» ይባላል። ሞዴል ማለት ምሳሌ ማለት ነው። የቤት ሞዴል ቤቱን ራሱን እንደማይሆን ሁሉ የታመመች አይጥም የታመመ ልጅ አይደለችም፤ ይሁን እንጂ ልጁ ላይ ልንጠይቀው የማንችለውን ጥያቄ እርሷ ላይ ልንጠይቅ እንችላለን።

ትሉን በብርጭቆ ውስጥ ብቻ ለምን አናጠናውም ቢባል፣ ጥገኛ ትል ያለ አስጠጊው ማለትም ያለሚኖርበት አካል የሕይወት ዑደቱን አይፈጽምም። በብርጭቆ ውስጥ ትሉን የገደለ ቅመም ሲዋጥ በጨጓራ አሲድ ሊበላሽ፣ በጉበት ሊፈርስ ወይም ትሉ ካለበት ቦታ ሳይደርስ ሊቀር ይችላል። የሰውነት የመከላከያ ሥርዓትም በብርጭቆ ውስጥ የለም።

ጥሩ ሞዴል ሦስት ነገሮችን ያሟላል። አንደኛ፣ ጥገኛው በእንስሳው ውስጥ ዑደቱን ወይም የሚፈለገውን የዑደቱን ክፍል መፈጸም አለበት። ሁለተኛ፣ የሚያስከትለው ጉዳት በሰው ላይ ከሚታየው ጋር መመሳሰል አለበት። ሦስተኛ፣ ሙከራው በሌላ ቤተ ሙከራ ሲደገም ተመሳሳይ ውጤት መስጠት አለበት።

ከታሪክ አንድ ምሳሌ፦ የወስፋት ጉዞ

እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ ድረስ የተዋጠ የወስፋት እንቁላል አንጀት ውስጥ ተፈልፍሎ እዚያው ያድጋል ተብሎ ይታመን ነበር። በ1916 ፍራንሲስ ስቱዋርት የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም የወስፋት እንቁላል ለአይጦች አበላ። ከጥቂት ቀናት በኋላ እጮቹን ያገኛቸው በአንጀት ሳይሆን በጉበትና በሳንባ ውስጥ ነበር። እጩ የአንጀትን ግድግዳ በስቶ በደም ወደ ጉበት፣ ከዚያም ወደ ሳንባ ይሄዳል፤ በአየር ቧንቧ በኩል ወደ ጉሮሮ ወጥቶ እንደገና ይዋጣል።

ሆኖም በአይጦቹ ውስጥ እጮቹ ወደ ሙሉ ትልነት አላደጉም። ስቱዋርት ከዚህ ተነሥቶ አይጥ የወስፋት መካከለኛ አስጠጊ ሳትሆን አትቀርም የሚል ግምት ሰጠ። ግምቱ የተሳሳተ ነበር። በ1922 ኮይኖ የተባለ ጃፓናዊ ሐኪም ወደ 2000 የሚጠጉ የሰው ወስፋት እንቁላሎችን ራሱ ዋጠ፤ በሳንባ ሕመም ታመመ፤ እጮቹም በአክታው ውስጥ ተገኙ። የእጩ ጉዞ በሰው ውስጥም እንደሚፈጸም፣ አይጥም ለዑደቱ እንደማታስፈልግ በዚህ ታወቀ።

ታሪኩ ሁለት ትምህርት ይሰጣል። ሞዴል ያልታሰበ እውነት ሊገልጽ ይችላል፤ የሞዴሉን ጠባይ የሰው ጠባይ አድርጎ መውሰድ ደግሞ ያሳስታል። ዛሬም አይጥ የምታገለግለው የወስፋትን የሳንባ ጉዞ ለማጥናት ብቻ ነው። ሙሉውን ዑደት ለማየት የሰው ወስፋት የቅርብ ዘመድ የሚኖርበትን አሳማ መጠቀም ያስፈልጋል።

ለየትኛው ጥገኛ የትኛው እንስሳ?

አብዛኞቹ የሰው አንጀት ትሎች በአይጥ ውስጥ አያድጉም። ስለዚህ ተመራማሪዎች ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሙት የሰውን ትል ሳይሆን በተፈጥሮ አይጥን የሚይዘውን የትሉን ዘመድ ነው።

ለጅራፍ ትል፦ ትሪኩሪስ ሙሪስ የተባለው የአይጥ ጅራፍ ትል ያገለግላል። እንደ ሰው ጅራፍ ትል ቀጭን ራሱን በዕውር አንጀት ግድግዳ ውስጥ ይቀብራል። አንዳንድ የአይጥ ዘሮች በሦስት ሳምንት ገደማ ትሉን ከአካላቸው ያስወጡታል፤ ሌሎቹ ግን ለረጅም ጊዜ ይሸከሙታል። ይህ ልዩነት የዘር ውርስ በትል መያዝ ላይ ያለውን ድርሻ አሳይቷል። አይጧ በአንድ ጊዜ ብዙ እንቁላል ስትውጥ ትሎቹን ታስወጣለች፤ ጥቂት ብቻ ስትውጥ ግን ትሎቹ ተደላድለው ይኖራሉ። በየዕለቱ ጥቂት በጥቂት እንቁላል የሚውጡ የገጠር ሕፃናት ለምን ትሉን ለዓመታት እንደሚሸከሙ ለመረዳት ይህ ፍንጭ ይሰጣል።

ለመንጠቆ ትል፦ ኒፖስትሮንጊለስ የተባለው የአይጥ ትል ልክ እንደ ሰው መንጠቆ ትል በቆዳ በኩል ገብቶ፣ በሳንባ አልፎ፣ በሦስትና በአራት ቀን አንጀት ይደርሳል። ሀምስተር የተባለችው ትንሽ እንስሳ ደግሞ ሰውንም የሚይዝ አንድ የመንጠቆ ትል ዓይነት በውስጧ ስለሚያድግባት ለደም ማነስ ጥናት ታገለግላለች።

ለድንክ የኮሶ ትል፦ ሂሜኖሌፒስ ናና የተባለው ትል በሰውና በአይጥ ውስጥ ስለሚያድግ በቀላሉ ይጠናል።

ለባለ አንድ ሕዋስ ጥገኞች፦ ክሪፕቶስፖሪዲየም በመጀመሪያ የታወቀው በ1907 በአይጥ ውስጥ ነው፤ በሰው ላይ የታወቀው ግን በ1976 ነበር። ጃርዲያን ለማጥናት ገርቢል የተባለችው የበረሃ አይጥ፣ አሜባ በጉበት ላይ የሚያስከትለውን መግል ለማጥናት ደግሞ ሀምስተርና ገርቢል ይመረጣሉ።

ሙከራው እንዴት ይካሄዳል?

አንድ መድኃኒት ትልን ማስወገዱን ለማወቅ በዕድሜ፣ በጾታና በክብደት የሚመሳሰሉ አይጦች ተመርጠው እያንዳንዳቸው እኩል ቁጥር ያላቸው እንቁላሎች ወይም እጮች ይሰጣቸዋል። ከዚያም በዕጣ ቢያንስ በሦስት ቡድን ይከፈላሉ። አንዱ አዲሱን መድኃኒት፣ ሁለተኛው ቀድሞ የታወቀ መድኃኒት፣ ሦስተኛው ደግሞ መድኃኒት የሌለበት ፈሳሽ ይወስዳል። ሦስተኛው ማነጻጸሪያ ቡድን ይባላል። ትሎች በራሳቸው ጊዜ ሊወጡ ስለሚችሉ ያለ ማነጻጸሪያ ቡድን የሚገኝ ውጤት ዋጋ የለውም።

ውጤቱ የሚሰላው በሚከተለው መንገድ ነው። የማነጻጸሪያው ቡድን አማካይ የትል ቁጥር ላይ የታከመው ቡድን አማካይ ይቀነሳል፤ ልዩነቱ ለማነጻጸሪያው አማካይ ተካፍሎ በ100 ይባዛል። ለምሳሌ ማነጻጸሪያው በአማካይ 40፣ የታከመው 10 ትሎች ቢኖሩት የመድኃኒቱ ውጤታማነት 75 ከመቶ ይሆናል።

በሰው ላይ ትል መቁጠር ስለማይቻል የሚቆጠረው የሰገራ እንቁላል ነው። ካቶ ካትስ በተባለው ዘዴ 41.7 ሚሊ ግራም ሰገራ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ የተቆጠሩት እንቁላሎች በ24 ሲባዙ በአንድ ግራም ውስጥ ያለው ቁጥር ይገኛል። 25 እንቁላል የተቆጠረበት ናሙና በግራም 600 እንቁላል አለው ማለት ነው።

የመድኃኒት መጠንም እንዲሁ በቀጥታ ከአይጥ ወደ ሰው አይተላለፍም። ትንሽ እንስሳ መድኃኒትን በፍጥነት ስለሚያስወግድ በአይጥ በኪሎ የተሰጠው መጠን ለመነሻ ያህል በ12 ገደማ ይካፈላል። በአይጥ 100 ሚሊ ግራም በኪሎ የነበረው በአዋቂ ሰው ወደ 8 ሚሊ ግራም በኪሎ ይጠጋል።

ከአይጥ አንጀት እስከ ባሕር ዳር

የዚህ ዘዴ ታላቁ ፍሬ አይቨርሜክቲን ነው። ጃፓናዊው ሳቶሺ ኦሙራ ከአፈር የለያቸውን ባክቴርያዎች በ1970ዎቹ አሜሪካ ወደሚገኘው የመርክ ኩባንያ ላከ። እዚያ የዊልያም ካምቤል ቡድን ሄሊግሞሶሞይደስ የተባለ የአንጀት ትል የያዛቸውን አይጦች አዘጋጅቶ ነበር። ባክቴርያዎቹ የበቀሉበት ፈሳሽ ከአይጦቹ ምግብ ጋር ተቀላቅሎ ሲሰጥ አንደኛው ትሎቹን አጠፋ። ባክቴርያው የተገኘው በጃፓን አንድ የጎልፍ ሜዳ አጠገብ ከተወሰደ አፈር ነበር። ከርሱ የወጣው መድኃኒት የትሉን የነርቭና የጡንቻ ሕዋሳት በማፍዘዝ ይሠራል።

አይቨርሜክቲን በመጀመሪያ ለከብቶች ዋለ። ከ1987 ጀምሮ ደግሞ ቆዳን የሚያሳክከውንና ዓይንን የሚያጠፋውን የኦንኮሰርካ በሽታ ለመከላከል በነጻ ይታደላል፤ ምዕራብ ኢትዮጵያም ከተጠቃሚዎቹ አንዷ ናት። ኦሙራና ካምቤል በ2015 የኖቤል ሽልማት ተካፋዮች ሆኑ።

የመድኃኒቱ ታሪክ በዚህ አላበቃም። አልቤንዳዞል ለብቻው በአንድ ጊዜ ሲሰጥ ጅራፍ ትልን በሚገባ አያጠፋም። ይህን ችግር ለመፍታት አልቤንዳዞልና አይቨርሜክቲን በአንድ ክኒን ተጣምረው ከ5 እስከ 18 ዓመት በሆኑ ልጆች ላይ በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በሞዛምቢክ ተፈተኑ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበትና በ2025 የታተመው ይህ ጥናት፣ አልቤንዳዞል ብቻውን ከጅራፍ ትል የፈወሰው 36 ከመቶ የሚሆኑትን ሲሆን ጥምሩ ክኒን አንድ ጊዜ ሲሰጥ 83፣ ለሦስት ቀናት ሲሰጥ 97 ከመቶ መፈወሱን አሳይቷል። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት በአይጥ አንጀት ውስጥ የታየው ውጤት በዚህ መንገድ ወደ አማራ ክልል ልጆች ደረሰ።

ኮሶና እንቆቆ በሚዛን ላይ

በደጋማው ጋይንትና እስቴ የኮሶ ዛፍ አበባ ተፈጭቶ በውኃ ተበጥብጦ ይጠጣ እንደነበር የማያውቅ የለም። ባህላዊ ዕውቀት ለምርምር መነሻ ነው፤ ሆኖም ሁለት ጥያቄዎች ለየብቻ መመለስ አለባቸው። መድኃኒቱ ይሠራልን? ደግሞስ ይጎዳልን?

ለመጀመሪያው ጥያቄ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች በ2015 ያሳተሙት የእንቆቆ ጥናት ጥሩ ምሳሌ ነው። ድንክ የኮሶ ትል ለያዛቸው አይጦች የእንቆቆ ፍሬ ጭማቂ ተሰጥቶ ትሉን እንደሚያስወግድ ታይቷል። ትልቁ የኮሶ ትል በአይጥ ውስጥ ስለማያድግ ድንኩ ዘመዱ ምትክ ሆኖ ማገልገሉን አንባቢ ልብ ይሏል።

የሁለተኛው ጥያቄ መልስ የሚያስጠነቅቅ ነው። በኢትዮጵያ ብዙ ኮሶ ከጠጡ በኋላ የዓይን ብርሃናቸው የተጎዳ ሕሙማን በ1960ዎቹ ማብቂያ በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግበዋል። የሕሙማን ታሪክ ብቻውን ግን መንሥኤውን አያረጋግጥም። በ1985 የታተመ ጥናት ኮሶንና የእንቆቆን የህንድ ዘመድ ለጫጩቶች ሰጥቶ የማየት ችሎታቸው እንደተጓደለና የዓይናቸው ብርሃን ተቀባይ ክፍል እንደተጎዳ አሳየ። ስለዚህ «ከተፈጥሮ የተገኘ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለው አባባል አያዋጣም። የቤት ኮሶ መጠኑ አይለካም፤ በጤና ተቋም የሚሰጠው መድኃኒት ግን መጠኑ የታወቀ ነው።

ቢልሃርዝያና የአዲስ አበባው ምርምር

ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው እንዶድ የቢልሃርዝያን አስተላላፊ ሊገድል እንደሚችል ደረሱበት። በ1966 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተውና በኋላ በስማቸው የተሰየመው የምርምር ተቋም የቢልሃርዝያን ትል በቀንድ አውጣና በአይጥ እያፈራረቀ በቤተ ሙከራ ያቆያል። አክሊሉ ለማና ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀብለዋል።

በቢልሃርዝያ አይጥ ጥሩ አስተማሪ ናት፤ እዚህ የሰውን ትል ራሱን ትቀበላለችና። ከስድስትና ከሰባት ሳምንት በኋላ ትሎቹ ከጉበት ደም ሥር ታጥበው ይቆጠራሉ። ፕራዚኳንቴል የደረሱትን ትሎች ሲገድል የሦስትና የአራት ሳምንት ዕድሜ ያላቸውን ታዳጊ ትሎች እንደሚያልፋቸው የታወቀው በአይጥ ነው። አንድ ጊዜ መታከም ሁልጊዜ የማይበቃበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በስምጥ ሸለቆ በተደረጉ ጥናቶች ዝንጀሮዎችና ጦጣዎች ትሉን በተፈጥሮ ተሸክመው ተገኝተዋል።

የሞዴል ወሰን

የቤተ ሙከራ አይጥ በደንብ የምትመገብ፣ በአንድ ጥገኛ ብቻ የተያዘችና ንጹሕ ሳጥን ውስጥ የምትኖር ናት። የገጠር ልጅ ግን ወስፋትን፣ ጃርዲያንና የምግብ እጥረትን በአንድነት ሊሸከም ይችላል። ፕሮቲን የጎደላት አይጥ ትልን ለማስወጣት እንደምትዘገይ ሙከራዎች አሳይተዋል። በ2018 የታተመ የአሜሪካ ጥናትም የቤተ ሙከራ አይጦች ደጅ በታጠረ ሜዳ ሲለቀቁ በአጭር ጊዜ ውስጥ ለጅራፍ ትል ይበልጥ ተጋላጭ እንደሚሆኑ አሳይቷል።

ሌላው ማስጠንቀቂያ ከበጎች የመጣ ነው። የአልቤንዳዞል ወገን የመጀመሪያው መድኃኒት ቲያቤንዳዞል በ1961 ለበጎች በቀረበ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የበግ የጨጓራ ትሎች ተላመዱት። ምክንያቱም መድኃኒቱ በሚይዘው የትሉ ፕሮቲን ላይ የተከሰተ የዘረ መል ለውጥ ነው። ለሰው በጅምላ በሚሰጥ መድኃኒት ላይም ይህ እንዳይደርስ የመድኃኒቱ ውጤታማነት በየጊዜው መለካት አለበት።

የእንስሳት መብትና የተመራማሪው ግዴታ

ራስልና በርች የተባሉ ሳይንቲስቶች በ1959 ሦስት መርሆዎችን አስቀመጡ፦ እንስሳን በሌላ ዘዴ መተካት ሲቻል መተካት፣ የእንስሳቱን ቁጥር መቀነስ፣ ሥቃያቸውን ማቃለል። ቁጥር መቀነስ ሲባል ግን ውጤቱ እስከማይታመን ድረስ አይደለም፤ ምንም የማያስተምር ሙከራ ጥቂት እንስሳትንም በከንቱ ያጠፋል።

ማጠቃለያ

የእንስሳ ሞዴል የጥገኛን ጉዞ፣ የመድኃኒትን ኃይልና ጉዳት ያሳየናል። መጨረሻው ፍርድ ግን የሚሰጠው በሰው ላይ በሥርዓት በተደረገ ጥናት ነው። ከሁሉም በላይ መድኃኒት ትሉን ያስወጣል እንጂ በግቢው አፈር ያለውን እንቁላል አያጠፋም። መጸዳጃ ቤት፣ ሳሙና፣ ጫማና ንጹሕ ውኃ ካልታከሉበት የዳነው ልጅ በወራት ውስጥ እንደገና ይያዛል።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. ማነጻጸሪያው ቡድን በአማካይ 60፣ የታከመው 9 ትሎች ቢኖሩት የመድኃኒቱ ውጤታማነት ስንት ከመቶ ነው?

2. ስቱዋርት በአይጥ ካየው ውስጥ ትክክለኛው ምልከታ የትኛው፣ የተሳሳተው ግምት የትኛው ነበር?

3. አንድ ተክል በአይጥ ላይ ትልን እንዳጠፋ ቢታወቅ ለሰው ከመሰጠቱ በፊት ምን ምን መጠናት ይኖርበታል?

4. ዶሮ ሲታረድ በአንጀቷ ውስጥ ነጫጭ ረጃጅም ትሎች ቢገኙ፣ ከሰው ወስፋት ጋር በምን ይመሳሰላሉ? በምንስ ሊለዩ ይችላሉ?